ዋይድ፣ 50 ወይስ ፍላሽ? የአባቷን ቮልስ ማንሳት ለምትፈልገው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽንም የተሰጡሽን መልሶችም አነበብኩ። ካኖን 700ዲ ካሜራ ከ18-55 ሌንሱ ጋር አለሽ፤ የአባትሽን ቮልስና የጓደኞችሽን መኪኖች እሁድ እሁድ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው አካባቢ ማንሳት ትፈልጊያለሽ፤ ማታም መሞከር አምሮሻል። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ዕቃ ስለሆነ ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ዋይድ ሌንስ፣ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 (ዙም የሌለው፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ) ወይስ ፍላሽ ልግዛ ብለሻል። አብዛኛው ሰው 50ውን መክሮሻል። የእኔ መልስ የተለየ ነው፤ ከሦስቱ አንዱንም አሁን አትግዢ። በዚያው ገንዘብ ሲፒኤል የሚባለውን፣ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የፖላራይዘር ፊልተርና የማይወዛወዝ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ግዢ። ሌንሱ ቀጥሎ ይመጣል፣ ፍላሹ ደግሞ ከሁሉም በኋላ።

ይህን የምልሽ መኪና ከሰው ፊት በጣም ስለሚለይ ነው። የሰው ፊት ላይ ብርሃኑ አርፎ ታዪዋለሽ። የታጠበ መኪና ላይ የምታዪው ግን በዙሪያው ያለውን ነገር ነው፤ ሰማዩን፣ ማዶ ያለውን ሕንፃ፣ የቆመውን ሚኒባስ፣ ካሜራ የያዝሽውን አንቺንም ጭምር። ቮልስ ደግሞ ጠፍጣፋ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ኮፈኑም፣ ፓራፋንጎውም፣ ጣሪያውም ክብ ስለሆነ ግራ ቀኙን ሁሉ ሰብስቦ ያመጣዋል። በጣም ውድ ሌንስ ቢኖርሽ እንኳ ኮፈኑ ላይ የተዘበራረቀውን ነገር አጥርቶ ከማሳየት ሌላ አይፈይድልሽም። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ነጸብራቁን መቆጣጠሪያ ላይ ይዋል ባይ ነኝ።

ፊልተሩን ሌንሱ ላይ ጠምዝዘሽ ካሰርሽ በኋላ የፊት ቀለበቱን በዝግታ አዙሪው። የጎን መስታወቱ ላይ የነበረው ሰማይ ጠፍቶ መቀመጫው ብቅ ሲል፣ ነጣ ብሎ የነበረው ቀለም ደግሞ ሲደምቅ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ፊት ለፊት ከቆምሽ ብዙም አይሠራም። ወደ ጎን ፈቀቅ ብለሽ መስታወቱን በሰያፍ ስታዪው፣ ከፊት ለፊቱ መስመር 55 ዲግሪ ገደማ ስትርቂ፣ ኃይሉ ከፍተኛ ይሆናል። ክሮም ላይ ግን አይሠራም፤ ፊልተሩ ከቀለምና ከመስታወት የሚመጣውን ነጸብራቅ እንጂ ከብረት የሚመጣውን አይለይም። የቮልሱን ፓራውልትና የጎማ ክዳኖች የሚያስተካክልልሽ የቆምሽበት ቦታ ብቻ ነው። ከበስተጀርባሽ ምን እንዳለ ዞር ብለሽ እዪ፤ ክሮሙ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የቮልስ አካል ክብ ስለሆነ ፊልተሩ ኮፈኑን ሲያጸዳ በሩን ሊተወው ይችላል፤ በሩን ሲያጸዳ ደግሞ የፊት መስታወቱን። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረሽ ሳታንቀሳቅሺ ቀለበቱን ብቻ እያዞርሽ ሁለት ሦስት ፎቶ አንሺ፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የእያንዳንዱን ጥሩ ቦታ ታዋህጃለሽ። ትራይፖዱን ከፊልተሩ ጋር አብረሽ ግዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የጎንና የኋላ መስታወት በሙቀት የጠነከረ ስለሚሆን በፖላራይዘር ሲታይ አንዳንዴ ነጠብጣብ ወይም የቀስተ ደመና ዓይነት ቀለም ያወጣል። መስታወቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ቀለበቱን ጥቂት መለስ ስታደርጊው ይቀንሳል። ፊልተሩ ብርሃኑን ወደ ግማሽ፣ አንዳንዴም ወደ ሩብ እንደሚያወርደው ደግሞ አትርሺ። ጠዋት በማለዳ ያለ ትራይፖድ ካነሳሽ ፎቶው ይንቀጠቀጥብሻል።

የፊልተሩ መጠን 58 ሚሊ ሜትር ይሁን። የካኖን 18-55 ኤስቲኤም (ኤስቲኤም የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ነው)፣ 55-250 ኤስቲኤም እና 85 ኤፍ 1.8 ሁሉም 58 ናቸው፤ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ግን 49 ነው፣ ወደፊት ከገዛሽው በማገናኛ ቀለበት 58ቱን ትገጥሚበታለሽ። ከመግዛትሽ በፊት የራስሽ ሌንስ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አረጋግጪ።

ወደ ሌንሱ ልምጣ። መኪናን የሚያበላሸው ቅርበት ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ሁለት ሜትር ላይ ቆመሽ ቮልሱን ብታነሺው የፊት መብራቱ ያብጣል፣ ኋላው ይኮማተራል፣ ያ የምንወደው ቅርጽ ይጠፋል። ዋይድ ሌንስ ብትገዢ ደግሞ ይብስበታል፤ የመኪናውን የውስጥ ክፍል ለማንሳት ካልሆነ በቀር ለጀማሪ አልመክረውም፣ ለውስጡም ያለሽ 18 ይበቃል። ራቅ ብለሽ ዙም ስታደርጊ ቅርጹ ይስተካከላል። ቮልስ ርዝመቱ አራት ሜትር ያህል ነው። በአንቺ ካሜራ በ50 ሚሊ ሜትር ከጎኑ አንስተሽ ግራና ቀኙ ትንሽ ክፍት ቦታ እንዲኖረው ከፈለግሽ 13 ሜትር ያህል መራቅ አለብሽ። በ35 ከሆነ 9 ሜትር፣ በ100 ከሆነ 26 ሜትር ገደማ። ከፒያሳ የቀሩት ጠባብ መንገዶች ላይ 13 ሜትር ማግኘት ያስቸግራል፤ ቸርችል ላይ ግን ሞልቷል።

50ውን የመከሩሽ ሰዎች የኋላውን ያደበዝዝልሻል ብለዋል። ለሰው ፊት እውነት ነው። ለሙሉ መኪና ግን 13 ሜትር ርቀሽ ኤፍ 1.8 ብትከፍቺው እንኳ ከ11 እስከ 16 ሜትር ያለው ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም የሚደበዝዘው በጥቂቱ ነው። ከዚያ ይልቅ ያገለገለ 55-250 ኤስቲኤም ብታገኚ ለመኪና እሱ ይሻላል። ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር ቁልቁል ይወርዳል። ታች ሆነሽ፣ ከእግረኛ መንገዱ ላይ፣ ሽቅብ እያየሽ በ150 ወይም በ200 ብታነሺ ማዘጋጃ ቤቱ ቀርቦ ከመኪናው በላይ ግዙፍ ሆኖ ይቆማል። በ18 ያው ሕንፃ የጣት ጥፍር ታክላለች። ይህን የሚሰጥሽ 50ው ሳይሆን ርቀትና ረጅም ሌንስ ናቸው። መኪናው ማቆም የተፈቀደበት ቦታ ላይ ይሁን፣ አንቺም አስፋልት ላይ አትውረጂ።

ቸርችልን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በምሥራቅ በኩል ያሉት ሕንፃዎች ጥላ ይሆኑለታል። ከላይ ግን ሰማዩ ክፍት ነው። መኪና የሚያምረው እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ሰፊው ሰማይ ከጣሪያው እስከ ኮፈኑ አንድ ወጥ የብርሃን መስመር ያሰምርለታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሪ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች፤ ከረፋዱ በኋላ ጣሪያው ይነጣል፣ ጎኑ ይጠቁራል፣ ፊልተርም አያድነውም። ክረምትን ደግሞ አትፍሪው። ሰማዩ ሲደምን ጥላው ሁሉ ይለሰልሳል፣ ከዝናብ በኋላ አስፋልቱ እርጥብ ሆኖ የፓርኪንግ መብራቱን መልሶ ሲያሳይ ደግሞ ሌላ መብራት አያስፈልግሽም።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካነሳሽ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ልብ በይ። መስታወቱ ከሰዓት በኋላ ፀሐይን መልሶ ወደ ታች ይልካል፣ ራሱ ሕንፃውም ኮፈኑ ላይ ረጅም መስመር ሆኖ ይገባል። አንዳንዴ ያምራል። ካላማረሽ መኪናውን ከማንቀሳቀስሽ በፊት አንቺ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂጂና እዪው፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ስለ አነሳሱ በአጭሩ። ካሜራሽን የፊት መብራቱ ከፍታ ላይ አውርጂው፤ የ700ዲ ስክሪን ስለሚታጠፍ አስፋልት ላይ መተኛት የለብሽም። ኤፍ 5.6 ወይም 8፣ ፎከሱ በቅርብ ያለው የፊት መብራት ላይ። መሪው ከአንቺ በተቃራኒ በኩል ሲዞር የፊቱ ቸርኬ ወደ አንቺ ይመለከታል፣ የጎማው ጥርስ አይታይም። ከላቫጆ እንደወጣ ውሃው ሳይደርቅ ለስላሳ ጨርቅ ይዘሽ ጠብታውን አድርቂው፤ ፎቶ ላይ አቧራ ሳይሆን የደረቀ ጠብታ ነው የሚያስቸግረው። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ሶፍትና ወረቀት አንሺ። ስፖኪዮው ላይ መቁጠሪያ ከተንጠለጠለ ግን አባትሽን ሳትጠይቂ አትንኪው፤ እኔ ብሆን እዚያው እተወዋለሁ፣ መኪናውን የእሳቸው የሚያደርገው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን መብራቱ። ካሜራ አናት ላይ የሚሰካ ፍላሽ ትንሽ ስለሆነ ቀለሙ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ዙሪያው ጨለማ ይቀራል። መኪና ትልቅ የብርሃን ገጽ ይፈልጋል። ብዙ ብር ሳታወጪ የምታገኚው ከመርካቶ አቡጀዲ ነው። ሁለት በሦስት ሜትር ያህል አሰፍተሽ በሁለት እንጨት ወጥረሽ፣ ሁለት ጓደኞችሽ ይዘውት፣ ከበስተጀርባው መብራት ስታበሪ ኮፈኑ ላይ ለስላሳ ሰፊ ብርሃን ይወርዳል። ቀንም ያገለግላል፤ የማይፈለግ ነጸብራቅ በሚመጣበት በኩል አቡጀዲውን ብታቆሚው በምትኩ ንጹሕ ነጭ ታያለሽ። ጥቁር ጨርቅ ብታቆሚ ደግሞ የመኪናው መስመር ይጎላል።

ለማታ የምመክርሽ አንድ የኤልኢዲ ዘንግ መብራት ነው፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ከግማሽ ሜትር ያላነሰ። ጨለም ያለ ግቢ ፈልጊ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ 8፣ 30 ሰከንድ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር፤ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፊው። አንቺ ጠቆር ያለ ልብስ ለብሰሽ፣ ዘንጉን ከጣሪያው ከፍ አድርገሽ፣ ሳትቆሚ ከፊት እስከ ኋላ በእኩል ፍጥነት ትሄጃለሽ። መብራቱ ወደ ካሜራው አይዙር። ከቆምሽ እዚያ ቦታ ላይ ይነጣል። በአንዱ ፎቶ ጣሪያውን፣ በሌላው ጎኑን፣ በሌላው ቸርኬዎቹን አብርተሽ በኋላ ታዋህጃቸዋለሽ። የመኪናው ሞተር መጥፋት አለበት፤ በተለይ ቮልስ ሞተሩ ሲነሳ ሁለንተናው ስለሚንቀጠቀጥ ፎቶው ድርብ ይሆናል። የራሱን መብራት ካበራሽ ፓርኪንግ ብቻ፣ ለዚያውም ለአንድ ሁለት ሰከንድ።

ግቢ ካጣሽ የሕንፃ ምድር ቤት ፓርኪንግ በጣም ጥሩ ነው። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ረጃጅም መብራቶች ኮፈኑ ላይ መስመር ይሠራሉ፤ መኪናውን ከመብራቱ ጋር ትይዩ አድርጊው። ጥበቃውን ግን አስቀድመሽ አናግሪ።

መንገድ ላይ ማታ ስታነሺ ፎቶው ላይ ጥቁር ሸንተረር ከመጣ ካሜራሽ አልተበላሸም። መብራታችን በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች በሰከንድ መቶ ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ወይም ከዚያ የዘገየ አድርጊው። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም የፊት መብራታቸው እንዲሁ ብልጭ ሊል ስለሚችል፣ የጓደኞችሽን ካነሳሽ ቀንም ቢሆን ሸተሩን አታፍጥኚው፤ አለዚያ መብራቱ ግማሹ የጠፋ ይመስላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ትራይፖድሽን ከዚያ በፊት ተክለሽ ጠብቂ።

ትራይፖድ መሃል ከተማ ላይ ዓይን ይስባል። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ የጦር ካምፕና የጸጥታ ሰዎች ባሉበት አቅጣጫ ሌንስሽን አታዙሪ። ፖሊስ ወይም ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሰላም ብለሽ ፎቶዎቹን አሳዪ፣ ዕቃሽን ሰብስቢና ሂጂ ካሉሽም አትከራከሪ፤ ቦታ ሞልቷል። ብቻሽን አትሂጂ፣ ማታ በተለይ። ከመለጠፍሽ በፊት የሰው መኪና ታርጋ ሸፍኚ።

55-250ውን ያገለገለ ስትገዢ በስልክሽ መብራት ከኋላው አብርተሽ ውስጡን እዪ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ዋጋው ቢረክስም ተዪው። ካሜራሽ ላይ ገጥመሽ በ55ም በ250ም ፎከስ ሲይዝ ስሚው፣ ማረጋጊያውንም በ250 ላይ በዝግታ ሸተር ሞክሪው። ከገዛሽ በኋላ በክረምት እርጥብ ቦርሳ ውስጥ አትተዪው።

ፊልተሩን ከመግዛትሽ በፊት መሞከር ከፈለግሽ የእኔ 58 ነው። እሁድ ጠዋት ብዙ ጊዜ ቸርችል አካባቢ ስለምሆን እዚሁ ጻፊልኝና በአባትሽ ቮልስ ላይ እንሞክረው።