ከማሳው ጫፍ እስከ ጌትዌዩ፦ የጠፋው መረጃ የት ይተካ?

ጥያቄ፦ በሱሉልታ ከተማ ዳር ድንችና ጎመን አለማለሁ። በማሳው ላይ የአፈሩን እርጥበትና የሌሊቱን ቅዝቃዜ የሚለኩ፣ በባትሪ የሚሠሩ ገመድ አልባ ሴንሰሮች አሉኝ፤ መረጃውን እርስ በርስ እየተቀባበሉ ቤቴ ውስጥ ካለው ጌትዌይ፣ ማለትም የሁሉንም መረጃ ከሚሰበስበው መሣሪያ፣ ያደርሳሉ። በቅርብ ካሉት የሚመጣው ደህና ነው፤ ከማሳው ጫፍ የሚነሣው ግን ተቆራርጦ ይደርሳል። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ስለሚያሰጋኝ ማስጠንቀቂያው እንዳያመልጠኝ ፈርቻለሁ። የገጠመልኝ ባለሙያ ኃይለኛ አንቴና እንድገዛ መክሮኛል። መፍትሔው እሱ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አንቴናው ሊረዳዎ ይችላል፤ እርስዎ እንደገለጹልን ከሆነ ግን ጉዳቱ በአመዛኙ የሚመጣው ከቅብብሉ ብዛት ይመስለናል። እያንዳንዱ ቅብብል ከ100 ፓኬት (በአንድ ጊዜ የሚላክ ትንሽ የመረጃ ጥቅል) 90ውን ያሳልፋል እንበል። ለአንድ ቅብብል ይህ መጥፎ አይደለም፤ አምስት ቅብብል የሚያልፍ መረጃ ግን በየደረጃው አንድ አሥረኛው ስለሚቀነስበት፣ ከ100 ቤትዎ የሚደርሰው 59 ገደማ ብቻ ነው።

ስለዚህ የጠፋውን መተካት የሚሻለው እዚያው በጠፋበት ቅብብል ላይ ነው። ተቀባዩ ሴንሰር ፓኬቱ እንደደረሰው አጭር ማረጋገጫ ይመልሳል፤ ላኪው ማረጋገጫውን ካላገኘ ደግሞ ይልካል። እንዲህ ያሉ ሴንሰሮች በብዛት የሚከተሉት፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 802.15.4 የተባለው የገመድ አልባ ግንኙነት ደረጃ ይህን አሠራር ይፈቅዳል፤ ማረጋገጫ መጠየቅ ግን ግዴታ ስላልሆነ በእርስዎ መሣሪያዎች ላይ መከፈቱን ባለሙያውን ይጠይቁት። ሦስት ጊዜ መድገም ከተፈቀደና ጥፋቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዙ፣ በአንድ ቅብብል ላይ የሚጠፋው ከ10,000 ፓኬት አንድ ብቻ ይሆናል።

ችግሩ ጥፋቶቹ ብዙ ጊዜ ተከታትለው መምጣታቸው ነው። እንዲህ ያሉ ሴንሰሮች በብዛት የሚጠቀሙበት የ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ በውኃ ስለሚዳከም፣ ያደገና የራሰ የድንች ቅጠል መሬት አጠገብ ያለ አንቴናን ይጋርደዋል፤ በዚህ ጊዜ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ አራቴ ቢላክ አራቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ ውድ አንቴና ከመግዛትዎ በፊት ያሉትን ከቅጠሉ በላይ በቋሚ እንጨት ከፍ ያድርጓቸው፤ ድግግሞሹም ጥቂት ጠብቆ እንዲሆን ያስደርጉ። የጎረቤት ዋይፋይ የሚረብሽ ከሆነ፣ ከ11 እስከ 26 ቁጥር ከተሰጣቸው የሴንሰሮቹ 16 ቻናሎች (የሞገድ መስመሮች) ባለ 26 ቁጥሩ ዋይፋይ በብዛት ከሚጠቀምበት ክልል ውጭ ስለሆነ እሱን ይሞክሩት።

ሆኖም በየቅብብሉ የሚመለሰው ማረጋገጫ መረጃው ቤትዎ ለመድረሱ ዋስትና አይሆንም፤ መሐል ላይ ያለው ሴንሰር ተቀብሎ ካረጋገጠ በኋላ ባትሪው ሊያልቅ ወይም ማከማቻው ሊሞላ ይችላል። በመሆኑም መረጃውን ያመነጨው ሴንሰር ለእያንዳንዱ ልኬት ተራ ቁጥርና ሰዓት ሰጥቶ በራሱ ሚሞሪ ማቆየት አለበት። ጌትዌዩ 41ንና 43ን አግኝቶ 42 ከጎደለው እሱን ብቻ ያስመጣል፤ ማረጋገጫ ጠፍቶ በድጋሚ የተላከውንም በቁጥሩ ለይቶ ይጥለዋል። ለአፈር እርጥበት ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ የአንድ ሩብ ሰዓት ልኬት ቢቀር እንኳ መስኖዎ አይዛባም።

ለውርጭ ማስጠንቀቂያ ግን አይበቃም። ማስጠንቀቂያው የመጨረሻው መልእክት ከሆነና ከጠፋ፣ ክፍተቱን የሚያጋልጥ ተከታይ ቁጥር ስለማይኖር ጌትዌዩ አንዳች እንደጎደለው አያውቅም። ይህ አንድ መልእክት ከራሱ ከጌትዌዩ ማረጋገጫ እስኪመጣለት ድረስ መደጋገም አለበት፤ ባትሪ ይጨርሳል ብለው አይሳሱለት፤ በእነዚህ ሬዲዮዎች ላይ ሳያቋርጡ ማዳመጥ የመላክን ያህል ኃይል ስለሚበላ፣ ባትሪ የሚቆጠበው ከአስፈላጊው ሰዓት ውጭ ሬዲዮውን በማስተኛት ነው። ከዚህ ሌላ ሴንሰሮቹ በየተወሰነ ጊዜ መኖራቸውን የሚያሳውቅ አጭር መልእክት ይላኩ፤ አንዱ ዝም ሲል ጌትዌዩ ወደ ስልክዎ ያሳውቅዎ። ጌትዌዩ ራሱ መብራት ሲጠፋ የሚቆም ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፣ ሌሊቱን የሚያሳድር መጠባበቂያ ባትሪ ያስገቡለት።