ሞተርህ በየት ነው የሚተነፍሰው? ስለ ፒሲቪና ካች ካን ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ሞተር ትንፋሽ። አልገረመኝም። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን ሞተር እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ጀምሯል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ነዳጁ ሲቃጠል ትንሽ ጋዝ በፒስተኑ ሪንግ ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። ብሎውባይ የሚሉት እሱን ነው። አዲስ ሞተርም አለው። ውስጡ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ የውሃ እንፋሎትና የዘይት ጉም አለበት። መውጫ ካጣ ራሱ መውጫ ይፈልጋል፤ በፓራኦሊዮም (በዘይት ማገጃው ጎማ) ይሁን በዘይት መለኪያው፣ ባገኘው። ፒሲቪ ይህን ጋዝ መልሶ እንዲቃጠል ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቫልቭ ነው። ካች ካን ደግሞ መስመሩ ላይ ተሰክቶ ከጋዙ ውስጥ ዘይቱን የሚይዝ ጣሳ ነው፤ ክፍቱ የቀረውን ጋዝ ወደ ውጭ ይለቀዋል፣ ዝጉ ወደ ሞተሩ ይመልሰዋል።

ከካዛንቺስ፦ "ቱርቦ ሱባሩ አለኝ፣ ሞተሩ ኢጄ20 ነው። የቱርቦውን ግፊት ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ። አሁን የኢንተርኩለሩ (የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ቱቦ ውስጥ ዘይት አገኘሁ። አንዱ ጓደኛዬ ፒሲቪውን ድፈነውና ላዩ ላይ ፊልትሮ ያለው ክፍት ካች ካን አድርግ ይላል። ሌላው ዝግ ይሻላል ይላል። የቱን ልስማ?"

ሁለተኛውን ስማ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል፣ ታገሠኝ።

ሞተርህ ሁለት መተንፈሻ አለው። አንዱ በፒሲቪ ቫልቭ በኩል ወደ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ቱቦ) የሚገባው ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ስትሆን ወይም ቀስ ብለህ ስትነዳ ማኒፎልዱ ውስጥ ቫኪዩም ስላለ ጋዙን በዚያ በኩል ይስበዋል፣ በሌላው ቱቦ ደግሞ በፊልትሮ ያለፈ ንጹህ አየር እየገባ የሞተሩን ሆድ ያጥበዋል። ነዳጅ ረግጠህ ቱርቦው ሲነሳ ነገሩ ይገለበጣል። ማኒፎልዱ ውስጥ አሁን ግፊት ነው ያለው። ፒሲቪው ይዘጋል፤ ካልዘጋማ ቱርቦው የሞተርህን ሆድ እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ጋዙም ቅድም ንጹህ አየር ይገባበት በነበረው ቱቦ፣ ማለትም በብሪዘሩ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ቱርቦው አፍ ላይ ይወጣል። ቱርቦው ራሱ ዘይት የሚጥል ካልሆነ በቀር ኢንተርኩለር ውስጥ ያየኸው ዘይት በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ካን ይገዛና ፒሲቪው መስመር ላይ ብቻ ይሰካዋል። ሞተሩ በጣም በሚሠራበት ሰዓት ያ ካን ሥራ ፈት ነው፣ መስመሩ ተዘግቷላ! አንተ ካኑን ብሪዘሩ መስመር ላይ አድርገው። ሱባሩ ላይ ይሄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተኙ ስለሆኑ ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ውጪኛው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይጠራቀምና በብሪዘሩ ይተፋል። ከሁለቱም ቴስታታ የሚመጡት ቱቦዎች ካኑ ውስጥ ይግቡ፣ የካኑ መውጫ ወደ ቱርቦው አፍ ይመለስ። ፒሲቪውን አትድፈነው፣ አዲስ ኦሪጅናል ግዛለት።

ክፍቱ ካን ለውድድር መኪና አይከፋም። የገባው ዘይት ወደ ሞተሩ አፍ አይመለስም፣ አለቀ። ከተማ ውስጥ ግን ፒሲቪውን ስትደፍነው የሚስበው ነገር ይጠፋል፣ ውሃውና ቤንዚኑ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ዘይት ቶሎ ቶሎ ትቀይራለህ። የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር ያለው መኪና ላይ ደግሞ የድሮው ቱቦ የነበረበትን ቀዳዳ በደንብ ካልዘጋኸው ያልተለካ አየር ይገባና ሚኒሞው ይዋልላል። ሽታውስ! ከፒያሳ አራት ኪሎ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት በቆምክበት ቀን ያንን የዘይት ጭስ መኪናው ውስጥ ስትምገው ታስታውሰኛለህ።

በነገራችን ላይ ካኑ የሚያስፈልገው ለንጽህና ብቻ አይደለም። የዘይት ጉም ከቤንዚን ጋር ሲቃጠል ኦክቴኑን (ሳያንኳኳ የመቃጠል አቅሙን) ያወርደዋል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። እኛ ደግሞ ቤንዚን በኦክቴን መርጠን አንቀዳም።

ከመግዛትህ በፊት ግን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) አስለካ። ሪንጉ ላለቀ ሞተር ካች ካን መግዛት ለተሰበረ እግር ካልሲ እንደ ማጥለቅ ነው።

ከፒያሳ፦ "ቪትዝ ነው የምነዳው፣ የውድድር መኪና አይደለችም፣ አትሳቅብኝ። ክረምት ላይ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር እርጎ የመሰለ ነገር አየሁ። መካኒኩ የቴስታታ ጋስኬት ሄዷል፣ ይውረድ አለኝ።"

አልስቅም እህቴ፣ ግን ለማስወረድ አትቸኩዪ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ የምትመላለስ መኪና በክረምት ብርድ ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ውሃ ይሆንና ከዘይት ጋር ይመታል፣ እርጎ ይመስላል። የራዲያተሩን ውሃ ለሁለት ሳምንት ተከታተዪ። ካልቀነሰ፣ መለኪያው ላይ ያለው ዘይትም ንጹህ ከሆነ፣ ጋስኬቱን ተዪው። ውሃው እየቀነሰ ከሆነ ግን መካኒኩ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ፒሲቪው። አስነቅዪውና አራግፊው። ውስጡ ያለው ነገር ካልተንኳኳ ተጣብቋል። ቢንኳኳም ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ ስለዚህ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቺና ቀዳዳው ላይ ወረቀት ጣል አድርጊ። ወደ ታች ከተሳበ ትንፋሹ ደህና ነው። ወረቀቱ ከተገፋ ወይ መስመሩ ተደፍኗል፣ ወይ ብሎውባዩ በዝቷል። ሁሉም ደህና ከሆነ አንድ ቅዳሜ በፈጣኑ መንገድ እስከ ቢሾፍቱ ሂጂባት። ለአንቺም መዝናኛ ነው።

ከጎጃም በረንዳ፦ "ካች ካን ዋጋው አይቀመስም። ምናለሽ ተራ አስበይጄ ብሠራስ?"

ይሠራል፣ ጥሩም ይሠራል። ግን ባዶ ቆርቆሮ ካች ካን አይደለም። ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያው ካኔ ሁለት ቀዳዳ የተበሳ ባዶ ቆርቆሮ ነበር። ወር ሙሉ ጠብታ አልያዘም። ሞተሬ ንጹህ ነው እያልኩ ጓደኞቼ ላይ ስኮራ ከረምኩ፣ በኋላ የኢንተርኩለሩን ቱቦ ስፈታ ዘይቱ ክንዴ ላይ ወረደ። ጉሙ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነበር ለካ።

ጉም የሚያዘው ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ ነው። መግቢያው ወደ ታች ይውረድ፣ መውጫው ከላይ ይሁን፣ መሃላቸው የተበሳሳ ላሜራ ይኑር፣ እዚያ ላይ የማይዝግ የሽቦ ወንፊት ጠቅጥቅ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የሚያደርጉ አሉ። የሚዝገውና የሚሰባበረው ዓይነት ከሆነ አደራ፣ ብናኙ ወደ ቱርቦ ነው የሚሄደው። ላሜራው ቀጭን አይሁን፣ ብየዳው አየር አያስገባ፣ ከታች ማፍሰሻ ይኑረው።

ቱቦው ላይ አትሰስት። ሶማሌ ተራ ስትሄድ ዘይት የሚችል ቱቦ ነው የምፈልገው በል። የራዲያተር ውሃ ቱቦ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሲሳብ ይጣበቃል፣ ከዚያ ሞተርህ ታፈነ ማለት ነው። ውስጡ ከፋብሪካው ቱቦ አይጥበብ፤ ለጉልበተኛ ቱርቦ ሞተር ከ16 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ውስጠኛ ስፋት ያለው ጥሩ ነው። መሃል ላይ ረግቦ ዘይት የሚያቁርበት ጉብጠት አይኑረው። ፋሸታውን አጥብቅ። ካኑን ደግሞ ከቱርቦው አርቀህ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ እሰረው፣ ሲቀዘቅዝ ነው ጉሙ ዘይት የሚሆነው።

ከሜክሲኮ፣ አንድ ጋሼ፦ "በእኛ ጊዜ ከሞተሩ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቱቦ ነበር፣ ጭሱ መንገድ ላይ ይወጣል፣ በቃ። ይሄ ሁሉ ጣጣ ከየት መጣ?"

ከካሊፎርኒያ ነው ጋሼ። የከተማው አየር ሲበከል 1961 እ.ኤ.አ. አካባቢ እዚያ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ፒሲቪ እንዲኖራቸው ተደረገ፣ ከዚያ ወደ ሌላውም ተዛመተ። የእርስዎ ቱቦ ሌላም ችግር ነበረበት፤ የሚስበው መኪናው ሲሄድ በሥሩ የሚያልፈው ነፋስ ነው። የዛሬው የሜክሲኮ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ምን ነፋስ ይመጣል?

ከለገሃር፦ "የቫኪዩም ጌጅ (ማኒፎልዱ ምን ያህል እንደሚስብ የሚለካ) ገጠምኩ። ሚኒሞ ላይ 12 ኢንች ያነባል። ጤነኛ ሞተር ከ18 እስከ 20 ነው ይላሉ። ሞተሬ አልቋል?"

አላለቀም፣ አዲስ አበባ ነው ያለኸው። ያ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል፣ ከተማችን ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ 12 ለእኛ ደህና ነው፣ መርፌው ካልተንቀጠቀጠ። የሚስበው ኃይል እዚህ ስለሚያንስ ግን ግማሽ የተደፈነ ፒሲቪ ቶሎ ያስቸግረናል።

ከተክለሃይማኖት፦ "ቱርቦ ሁለቴ ቀየርኩ። ሰማያዊ ጭሱ አልቆመም።"

ሦስተኛ እንዳትገዛ። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ ሆድ የሚመለሰው ዘይት የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ሆዱ ውስጥ ግፊት ካለ መውረድ ያቅተውና በቱርቦው የዘይት ማገጃ (ሲል) በኩል ይወጣል። ፒሲቪና ብሪዘሩን አጽዳ፣ የዘይት መመለሻው ቱቦ አለመታጠፉን እይ፣ ኮምፕሬሽን አስለካ።

ከአራት ኪሎ፦ "የሞተሩን ትንፋሽ ከማርሚታ ጋር አገናኝቼ ብስበውስ?"

ማርሚታ በሌለው፣ ቱርቦ በሌለው የውድድር መኪና ላይ ይሠራል። አንተ ጋ የጭሱ ግፊት ጋዙን ወደ ኋላ ወደ ሞተሩ ይገፋብሃል። ተወው።

ከፒያሳ ሌላ፦ "ካኑን በስንት ጊዜ ላፍሰው? የሚወጣውስ?"

በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ እየው፣ ከዚያ የራስህን ሞተር ልክ ታውቀዋለህ። ክረምት ላይ ውሃ ስለሚበዛው ማኪያቶ የመሰለ ነገር ቢወጣ አትደንግጥ። ቦይ ውስጥ አትድፋው፣ ከተቃጠለ ዘይት ጋር አጠራቅመህ ለሚሰበስቡት ስጥ። ዘይት ውድ ነው ብሎ መልሶ ሞተሩ ውስጥ የሚጨምር አለ ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ባለፈው ሰኞ በዓይኔ አየሁ።