ገመዱ እጅ የሚመታው ሞተር

የጻፈልኝ እዚሁ ባሕር ዳር የአንድ የወጣቶች ክበብ አስተባባሪ ነው። ልጆቹ የትንሽ ሞተር ጥገና እንዲማሩ ብለው አሮጌ የውሃ ፓምፕ ለምነው አገኙ። ፎገራ ሽንኩርት ሲያጠጣ የኖረ፣ በሆንዳ ጂኤክስ 160 አምሳያ የተሠራ ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበት የቻይና ሞተር ነው። ባለቤቱ «ውሃ እየሳበ ድንገት ቀጥ አለ፣ ከዚያ ወዲህ አልነሳም» ብሎ ነው የሰጣቸው። እነሱም ካርቡሬተሩን አጠቡ፣ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ፈትተው በመሃል የሚገባውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ቀየሩና መልሰው ገጠሙ። ካንዴላው እሳት ይሰጣል፣ ቤንዚን ይደርሳል፣ ኮምፕረሽንም፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ጉልበት፣ አለ። ግን ገመዱን ሲስቡት መልሶ እጃቸውን ይመታል፣ በካርቡሬተሩ በኩልም ይተኩሳል። «ልጆቹ እኛ ነን ያበላሸነው ብለው ቀዝቅዘዋል» ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለልጆቹ ይህን ንገርልኝ፦ እነሱ አላበላሹትም። ብልሽቱ ሞተሩ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት የነበረ ይመስለኛል። ባለቤቱ «ድንገት ቀጥ አለ» ያላት ነገር ናት ዋናዋ ፍንጭ።

እሳት፣ ቤንዚንና ኮምፕረሽን ካሉ የቀረው ሰዓቱ ነው። እሳቱ ይመጣል፣ ግን በሰዓቱ አይመጣም። በዚህ ሞተር እሳቱ የሚረጨው ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ኮሎው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረው ዋናው ዘንግ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲቀረው ነው። ከዚያ በጣም ከቀደመ ፍንዳታው ገና ወደ ላይ እየወጣ ያለውን ፒስተን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ገመዱን የሚነጥቃችሁ እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ቀደመ? የጎኑን ክዳን ስላልከፈታችሁ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ከቦታው አልተነቃነቀም። የቀረው ቮላኖው ነው፤ ከኮሎው ጫፍ ላይ የተገጠመው፣ ማግኔት ያለበት ከባድ መንኮራኩር። ቮላኖውን ከኮሎው ጋር አስተካክላ የምትይዝ አንዲት ትንሽ የብረት ሽብልቅ አለች። ፓምፑ ድንጋይ ወይም የእምቦጭ ሥር ጎርሶ ሲነክስ ኮሎው በአንዴ ይቆማል፣ ከባዱ ቮላኖ ግን በነበረበት ፍጥነት ወደፊት መሄድ ይፈልጋል። ሽብልቋ ትቆረጣለች፣ ቮላኖው ትንሽ ይዞራል፣ ማግኔቱም እሳቱን የሚያመነጨው ቦቢና ጋ ያለጊዜው ይደርሳል። ሐይቁ ዳር እንዲህ ሆነው የሚመጡ ፓምፖች ብዙ አይቻለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ቦቢና ቀይሮ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነው የሚመጡት።

ለማየት ቮላኖውን መንቀል እንኳ አያስፈልግም። የገመዱን ቤትና የማራገቢያውን ሽፋን ፍቱ፣ የመሃሉን 19 ቁጥር ዳዶ አውጡ፣ ገመዱ የሚይዘውን ኩባያና ማራገቢያውን አንሱ። አሁን ፊት ለፊት በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ሽብልቋ የምትገባባቸው የኮሎው ስንጥቅና የቮላኖው ስንጥቅ ልክ ትይዩ መሆን አለባቸው። የፀጉር ያህል እንኳ ከተዛነፉ አገኛችሁት። ልጆቹ ተራ በተራ ይዩት፣ አትቸኩል።

ቮላኖውን ስትነቅሉ መንቀያ ተዋሱ። የኮሎውን ጫፍ በመዶሻ አትምቱ። ተለማማጅ ሳለሁ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ሲመታ የኮሎው ጫፍ የዳዶ ጥርስ ተጨፍልቆ ዳዶው አልገባ ብሎ ኮሎው እንዳለ ተጥሏል። አዲሷን ሽብልቅ ስትገጥሙ የኮሎው ሾጣጣና የቮላኖው ቀዳዳ ደረቅና ንጹሕ ይሁኑ፣ ዘይት አትቀቡ፤ ቮላኖውን አጥብቆ የሚይዘው ያ ሾጣጣ እንጂ ሽብልቋ አይደለችም። ዳዶው የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ ቁልፍ 75 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ። ቦቢናውን ነክታችሁት ከሆነ ከቮላኖው ያለውን ርቀት 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉት።

ስንጥቆቹ ትይዩ ሆነው ከተገኙ ወደ ቫልቮቹ ሂዱ። ቴስታታ ስለፈታችሁ ለማንኛውም ማየት አለባችሁ። ካንዴላውን አውጥታችሁ ቀጭን የፕላስቲክ ስትሮ በቀዳዳው አስገቡና ፒስተኑ የት እንዳለ በእጃችሁ እየተሰማችሁ ኮሎውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የክብሪት እንጨት አይሁን፣ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ደርሶ ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበት ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ቫልቮቹ ከሚገፋቸው ክንድ ጋር ያላቸው ክፍተት ለማስገቢያው 0.15፣ ለማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ይሁን። የማስገቢያው ቫልቭ ካልተዘጋም በካርቡሬተር ይተኩሳል።

ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ሌላ የሚያስደነግጣችሁ ነገር አለ። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ያንሳል። ይህም የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ሳሳ ይላል። በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፣ ስለዚህ 5.5 የተባለው እዚህ 4.3 ገደማ ነው። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ፣ ሞተሩ ሲነሳ አየሩን የሚያፍነው ቾክ እስከ መጨረሻ መከፈቱን እዩ። ያም ሆኖ ከጠቆረ የዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በትንሽ ቁጥር አስቀይሩ። ቀዳዳውን በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ይሰፋና ይብስበታል።

ዘይቱ ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ እስከ መሙያው አፍ ጥርስ ድረስ ይሁን፣ 0.6 ሊትር ገደማ ይይዛል። የምታስነሱት ደጅ ነው፣ በክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጭሱ ሽታ ሳይሰጥ የሚገድል ጋዝ አለበት። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙ። ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቦይ ውስጥ እንዳትደፉት፣ አደራ።

የተቆረጠችውን ሽብልቅ ስታገኟት አትጣሏት። አዲሷን ከመግጠማችሁ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥና ሞተሩ ለምን እንደቆመ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሩህ።