ጥያቄና መልስ፦ ሉፑ ያው፣ ፍጥነቱ ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ በሲ ቋንቋ 4096 በ4096 የሆነ የደብል (8 ባይት የሚይዝ የአስርዮሽ ቁጥር) ማትሪክስ እደምራለሁ። በረድፍ ስሄድ ቶሎ ያልቃል፤ በአምድ ስሄድ ግን ይንቀራፈፋል። የመደመሩ ብዛት እኩል አይደል እንዴ?

መልስ፦ መደመሩ እኩል ነው፤ ከራም የሚመጣው ግን አይደለም። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር አንድ ቁጥር ነጥሎ አያመጣም፤ ወደ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ወዳለው ትንሽና ፈጣን ማከማቻ) ሙሉ ካሽ ላይን፣ 64 ባይት ወይም 8 ደብል ያመጣል። ሲ ማትሪክስን በረድፍ ስለሚያስቀምጥ፣ በረድፍ ስትሄድ ስምንቱንም ትጠቀማለህ፤ ፕሪፌቸሩም ቀጣዩን ቀድሞ ያመጣልሃል። በአምድ ስትሄድ በየእርምጃው 32,768 ባይት ትዘላለህ። ከ64ቱ 8 ባይት ብቻ ትወስዳለህ፤ ለተረፈው ስትመለስ ላይኑ ከካሽ ወጥቷል። እያንዳንዱ ንባብ አዲስ ፔጅ (የማህደረ ትውስታ ክፍል) ስለሚነካ፣ የፔጆችን አድራሻ የሚይዘው ቲኤልቢም አይበቃም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ኤልዋን፣ ማለትም ለፕሮሰሰሩ የቀረበው ካሽ፣ ሴት (set) በሚባሉ ምድቦች የተከፈለ ነው፤ 32 ኪሎባይት፣ 8 ዌይ (በአንድ ሴት 8 ላይን የሚይዝ) ከሆነ 64 ሴት አለው። ስለዚህ በ4096 ባይት ብዜት የሚራራቁ አድራሻዎች ሁሉ አንድ ሴት ላይ ይወድቃሉ፤ የአምድህ 4096 ቁጥሮች ለ8 ቦታ ይሻማሉ። የቀረው ካሽ ባዶ ቢሆን እንኳ አይጠቅምህም።

እንግዲህ ረድፉ ከውጭ፣ አምዱ ከውስጥ እንዲሆን ሉፖቹን አቀያይር። ሥራው ትራንስፖዝ (ረድፉን አምድ ማድረግ) ከሆነ፣ አንዱን በረድፍ ስታነብ ሌላውን በአምድ ስለምትጽፍ ማቀያየር አያድንህም፤ በ32 በ32 ብሎክ ከፋፍለው። አንዱ ብሎክ 8 ኪሎባይት ስለሆነ ምንጩም መድረሻውም ኤልዋን ይበቃቸዋል። ግን 8 ትርፍ ቁጥር ጨምረህ የረድፉን ርዝመት 4104 አድርገው፤ አለዚያ 32ቱ ረድፎች እነዚያው ሴቶች ላይ ተደራርበው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ከሁሉ በፊት በፐርፍ ስታት (የሊኑክስ የፍጥነት መለኪያ) ለካ።

ጥያቄ፦ ኮዴ ቀርፋፋ ነው፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮዱ የታለ? የፐርፍ ውጤቱስ? ሳትለካ አትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ራም ብጨምርስ?

መልስ፦ ማሽኑ ራም አልቆበት ዲስክ እየተጠቀመ (ስዋፕ እያደረገ) ካልሆነ አይረዳህም።

ጥያቄ፦ ሊንክድ ሊስት ወይስ አሬይ?

መልስ፦ አሬይ፤ ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በሊስት ግን የቀጣዩ አድራሻ የሚታወቀው ያሁኑ ኖድ (የሊስቱ አንድ አባል) ከመጣ በኋላ ነው። ኖዶቹ ተበታትነው ካሽ ውስጥ ከሌሉ፣ ለእያንዳንዱ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ቆመህ ትጠብቃለህ።

ሌላ አባል፦ ከመሃል ለመሰረዝ ግን ሊስት ይሻላል።

ሦስተኛ አባል፦ የሚሰረዘውን ፈልገህ እስክትደርስ አሬዩ ሥራውን ይጨርሳል።

ሌላ አባል፦ ፖይንተሩ (የኖዱ አድራሻ) በእጄ ካለ ምን ፍለጋ አለ? የሊኑክስ ከርነል ሊስት የሚጠቀመው ለዚሁ ነው።

መልስ፦ ፖይንተሩ ካለህ ልክ ነህ። ጠያቂው ግን ስለ መሰረዝ አልጠየቀም፤ ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ በኑምፓይም (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) በአምድ መሄድ ይዘገያል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ኑምፓይ ካልቀየርከው እንደ ሲ በረድፍ ነው፤ ፎርትራን በአምድ። ለካና ውጤቱን ለጥፍ።