መልስ፦ ደሴ አጠገብ ጦሳ ተራራ ላይ አፈር ያለበስነው እሳት ጠዋት ለምን ይጨሳል?

አፈሩ ነው ችግሩ። አፈር ፍሙን ያዳፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። እናቶቻችን ማታ አመድ ያለበሱትን ፍም ጠዋት ቆስቁሰው እሳት የሚያያይዙት ለዚህ ነው።

በውሃ አጥፉት። አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ ግንዱን ገልብጣችሁ ስሩንም አርጥቡ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። "ጭስስ" ማለቱን እስኪተው ድረስ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ ገና ነው። ከመጠጡ ሌላ ለእሳቱ ብቻ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛችሁ ውጡ።

ባህር ዛፍ ስር ግን በፍጹም አታንድዱ! ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቶሎ ይቀጣጠላል። እኛ አንዴ ከደሴ በላይ አንድደን ፍንጣሪ የረገፈው ቅጠል ላይ አረፈ። በጃኬት ደብድበን አጠፋነው ብለን ስንቀመጥ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ከደረቀ ስር ጭስ ወጣ። እሳቱ በስሩ ውስጥ ሄዶ ነበር።