አሮጌው ሆቴል ወይስ አዲሱ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከባለቤቴ ጋር ማሌዥያ፣ ፔናንግ ደሴት ልንሄድ ነው። እሱ «ኢስተርን ኤንድ ኦሪየንታል» የሚባል የቅኝ ግዛት ዘመን ሆቴል ካላረፍን ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ በዚያ ገንዘብ አዲስ ሆቴል አይሻልም ወይ ባይ ነኝ። ከስሙ ሌላ ምን አለው? ደግሞስ የእንግሊዞች መንደላቀቂያ የነበረ ቤት ምኑ ይናፍቃል?

መልስ፦ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ጥሩ ናት፣ ከእሷ ልጀምር። መንደላቀቂያቸው መሆኑ አይካድም። ያቋቋሙት ግን እንግሊዞች አይደሉም፣ ሳርኪስ የሚባሉ አርመናውያን ወንድማማቾች ናቸው። ቤተሰቡ የፋርስ አርመን ነው፣ ከኢስፋሃን። እ.ኤ.አ. በ1885 ፔናንግ ላይ ጀመሩና ኋላ ሲንጋፖር ላይ ራፍልስ ሆቴልን፣ በርማ ውስጥ ራንጉን ላይ ስትራንድ ሆቴልን ከፈቱ። ጊዜው ምቹ ነበር፤ የስዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ከአውሮፓ በእንፋሎት መርከብ የሚመጣው ሰው በዝቷል፣ መርከቡ ወደ ሲንጋፖር ሲያልፍ ደግሞ ፔናንግ ላይ ይቆማል፣ ባሕር ላይ ከርሞ የወረደ መንገደኛ ደህና አልጋና ደህና እራት ካገኘ ስለ ዋጋው ብዙም አይከራከርም።

እኔን የሚማርከኝ የመጨረሻው ወንድም፣ አርሻክ ነው። ሆቴሉን ያስፋፋው እሱ ነው፣ ከትርፉ ይልቅ ጨዋታውን ይወድ ነበር ይባላል። የውስኪ ብርጭቆ አናቱ ላይ አስቀምጦ ዋልስ ይደንስ እንደነበርም ይወራል። (እንዲህ ዓይነት ሰው ሒሳብ ሲይዝ አስቢው።) በ1931 ሞተ፣ የዓለም ኢኮኖሚ ተንኮታኩቶ ስለነበር የወንድማማቾቹ ድርጅትም በዚያው ዓመት ከሰረ። ቤቱ ግን ተረፈ። በ1996 ለእድሳት ተዘግቶ በ2001 እንደገና ተከፈተ።

እነ እንግሊዛዊው ደራሲ ሶመርሴት ሞም እዚህ አርፈዋል፣ ግን የዝነኛ እንግዶች ዝርዝር ለማስታወቂያ ካልሆነ ለእንቅልፍ አይረዳም። የሚከፈልበት ነገር ባሕሩ ነው። ሆቴሉ በባሕሩ ጠርዝ 842 ጫማ ያህል ተዘርግቷል፣ ወደ 257 ሜትር ማለት ነው፤ ድሮ በዓለም ረጅሙ የሆቴል ባሕር ዳርቻ እያለ ራሱን ያስተዋውቅ ነበር። ማዕበሉ ከሣሩ ሥር ካለው ግንብ ጋር ሲላተም ይሰማል። ከበሩ ስትወጪ ደግሞ በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፔናንግ አሮጌ ከተማ፣ ጆርጅታውን ነው፤ የቻይናውያን የጎሳ ቤቶች፣ የካፒታን ኬሊንግ መስጊድ፣ የአርመን ጎዳና፣ ሁሉም በእግር ይደረሳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2013 የተከፈተ አዲስ ክንፍ አለው፣ ስለዚህ ስትይዙ «የድሮውን ክንፍ» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፣ አለዚያ ባልሽ ታሪክ ብሎ ከፍሎ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ይተኛል። አሸዋ ላይ እንተኛለን ካላችሁ ግን እዚያ የለም፣ ያለው ግንብ ነው፤ ለአሸዋው ባቱ ፈሪንጊ ድረስ በመኪና መሄድ አለባችሁ። በዚች በዚች እንኳ አንቺ ትረቺዋለሽ።