በደሴና በኮምቦልቻ ለተቀጠራችሁ ወጣት የውኃ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በደሴና በኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ለጀመራችሁ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሃይድሮሎጂ ሥራ ነው፤ የማሳስባችሁም አንድ ነገር ነው። የለካችሁት ቁጥር ጎረቤት ቢሮ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ እስኪደርሰው ድረስ ሥራችሁ አላለቀም።

ቦርከናን ተመልከቱ። ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻና በከሚሴ በኩል አዋሽ ይገባል። ዝናቡን የሚለካው የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። የወንዙን ከፍታና ፍሰት የሚመዘግበው የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። ጉድጓዱን የከተማው ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት፣ የፋብሪካውን ፍሳሽ አካባቢ ጥበቃ፣ መስኖውን ግብርና፣ በተበከለ ውኃ የታመመውን ሰው ጤና ይከታተላል። ወንዙ አንድ፣ መዝገቡ ግን ስድስት ቦታ ነው። ከወንዙ ናሙና የቀዳ ባለሙያ የዚያን ዕለት ፍሰት ካላወቀ፣ ብክለቱ የጨመረው ፋብሪካው ብዙ ስለለቀቀ ይሁን ወይም በበጋው ወንዙ ስለቀነሰ መለየት አይችልም። ፍሰቱ ግን ሌላ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል!

የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አባል አገሮች የአየር ሁኔታ መረጃን በ1987 ዓ.ም፣ የሃይድሮሎጂ መረጃን ደግሞ በ1991 ዓ.ም በነፃ ለመለዋወጥ ወስነዋል። አገር ለአገር የሚሰጠውን እኛ በአንድ ከተማ ውስጥ በትብብር ደብዳቤ ስናመላልስ መኖራችን ያንገበግበኛል። መረጃ ሲታፈን ምን እንደሚያስከትል ወሎ በ1965 ዓ.ም ረሃብ አይቶታል።

መስጠት ብቻውን ግን አይበቃም። ጧት 3 ሰዓት ከመለኪያው የተነበበው ዝናብ አብዛኛው የወረደው ትናንት ነው፤ የትኛው ቀን ላይ እንደተመዘገበ ካልተጻፈ፣ የዝናቡንና የጎርፉን መዝገብ የሚያስተያይ ሰው ጎርፉ ከዝናቡ ቀድሞ መጣ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። አንዱ ቢሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ይመዘግባል፤ «መስከረም» እና «ሴፕቴምበር» እኩል ቀን ላይ እንደማይጀምሩ እየታወቀ ወሩን ከወር ጋር አጋጥሞ የሚደምር አለ። ኮምቦልቻ የሚባል ከተማ በሐረርጌም አለ፤ ስለዚህ ከጣቢያው ስም ጎን ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ጻፉ።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ስለ ባዶው ሳጥን ነው። መዝጋቢው ታሞ ወይም ጎርፍ የመለኪያውን ዘንግ ወስዶት ያልተነበበ ቀን ይኖራል። እዚያ ላይ ዜሮ አትጻፉ። ዜሮ ማለት «ለካሁ፣ አልዘነበም» ነው። ያልተለካን ቀን ዜሮ ያደረገ ሰው በመዝገቡ ላይ ያልነበረ ድርቅ ይፈጥራል፤ በዚያ መዝገብ ድልድይ የሚነድፈውም መሐንዲስ ትልቁን ጎርፍ አያየውም፤ መለኪያው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በትልቁ ጎርፍ ቀን ነውና። «አልተነበበም» ብላችሁ ምክንያቱን ጨምሩበት።

የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ከሌላ ቢሮ አንድ ባለሙያ ፈልጉና መዝገቦቻችሁን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ የቀን አቆጣጠሩን፣ የጣቢያውን ስም፣ የመለኪያውን ዓይነት አስተያዩ። ከጤና ቢሮ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል፤ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በተነሣ ጊዜ የጉድጓዶችንና የምንጮችን ዝርዝር በዚያው ዕለት የሚፈልገው እሱ ነው።